ሁለት ገጽ

መምህር አስረስ አዘዙን፣ ለዓርብ ጠዋት፦
«ሰው እንዴት ይማራል? ፍልስፍናችሁን ጻፉት፤
ሁለት ገጽ ይበቃል፤ ምንጭ ግን ጥቀሱበት።»

ማራኪ ግቢ ነኝ፤ መብራት ያመነታል፣
ሄድ መለስ ይላል።
ጓደኞቼ ሁሉ የፈረንጅ ስም ደርድረው፣
ገጻቸውን ሞልተው፣
አንዱ ስለ ሽልማት፣ አንዱ ስለ ውሻ ምራቅ ጽፎ፣
እራቱን በልቶ ተኝቷል አርፎ።
እኔ ርእሱን ጽፌ፣ በቀይ አስምሬ፣
ከመስመሩ በታች ባዶ ነው እስከ ዛሬ።

አጎቴ እንየው ጠራቢ ነው፤ ድንጋይ ነው ቋንቋው፤
በጎንደር ግንብ ጥገና ነው ዕድሜው ያለቀው።
ፊደል አይለይም። ደመወዝ ሲቀበል በአውራ ጣቱ ይፈርማል፤
ኖራ የበላው ጣት አሻራ የለውም፤ ጸሐፊው ይቆጣል።

ምሳ ሳደርስለት፣ ልጅ ሳለሁ፣ አንድ የሚያዝያ ቀን፣
«ነይ እስኪ» አለና አስጨበጠኝ መዶሻውን።
ሁለት ጥቁር ድንጋይ፣ የአንድ እናት ልጆች፦
«አንዷ ውስጧ ታማለች፤ የቷ ናት?» አለ። ለእኔ ጤነኞች።
አየሁ፤ አገላበጥሁ፤ በጥፍሬ ቧጠጥሁ፤
«ይቺ» ብዬ ቆረጥሁ።
አልሳቀም። «ዓይን ይዋሻል፤ ዓይንሽን አትመኚ፤
ምቺ፤ ዝም በይ፤ ስሚ፤ ከዚያ ወዲያ ዳኚ።»

መታሁ። ሁለቱም «ቃ» አሉኝ፣ እኩል።
እንደገና መታሁ። እኩል።
ምሳው ቀዘቀዘ። ጥላው ዞረ። እጄ ዛለ።
እሱ ምንም አላለ።
ያ ምንም አለማለቱ፣ አሁን ሳስበው፣
ከነገሩኝ ሁሉ የተማርሁበት ነው።
በስንተኛው ምት እንደሆን እንጃ፣ አንደኛዋ ደወል ሆነች፤
ሁለተኛዋ ግን እንደ ታፈነ ሳል «ዱብ» አለች።
ጆሮዬ ቀድሞም ነበር። ድምፁም ቀድሞ ነበር።
ታዲያ ምን ነበር በመሃል የቆመው አጥር?

ዘንድሮ መጋቢት ላይ ለልምምድ ወጣሁ፤
አዘዞ፣ አምስተኛ ሐ፤ ሰባ ሁለት ልጅ ፊት ቆምሁ።
ክፍልፋይ ነው ትምህርቱ። «ግማሽ ሲደመር ግማሽስ?» አልሁኝ፤
የውብዳር ከመስኮቱ ጥግ እጇን አውጥታ ጠራችኝ፦
«ቲቸር! ሁለት አራተኛ!»
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
እኔም ሳቅሁ። (ብዕሬን ሦስት ሌሊት ከወረቀት የመለሰ
ይኸው ነው።) ትንሽ ሳቅ ነበረች፤ ጥርሴ ብቻ ነው የታየ፤
የውብዳር እጅ ግን ከዚያ ወዲያ ብርሃን አላየ።

አሥራ አንድ ቀን ከዴስክ ሥር ዋለ። ቆጥሬዋለሁ።
ድንጋዩን ሰብሬ ድምፅ እጠብቃለሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ በዕረፍት፣ አጠገቧ ተቀመጥሁ፤
«ያን ቀን እንዴት አሰብሽው?» አልሁ። ሌላ አልጨመርሁ።
ዝም አለች። ዝም አልሁ። ከሜዳ ኳስ ይመታል። አውሮፕላን በላያችን አለፈ።
ምላሴ እንደ አጎቴ ምላስ አረፈ።
ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ ወለሉን እያየች፦
«ቤታችን ሁለት ዳቦ ይገዛል፤ አራት ልጆች ነን» አለች፤
«ይገመሳል። ግማሽ የእኔ ነው፤ ግማሽ የእህቴ፤
ከአራቱ ሁለቱ ማለት ነው። የቱ ጋ ነው ስህተቴ?»

ደወል።
ደኅና ድንጋይ ነበረች፤ የተሰነጠቀው ጆሮዬ ኖሯል።

እንግዲህ መምህር፣ ምንጭ ጥቀሱ ላሉት፦
እንየው፣ የቃል፣ ከግንቡ ሥር፣ ሚያዝያ፤ ቀኑን ረሳሁት።
የውብዳር፣ አምስተኛ ሐ፣ ከመስኮቱ ጥግ፤ ገጽ የላት።
(ትናንት እጇን አወጣች። ተሳሳተች። ይኼኛው የእውነት ስህተት ነው፤
አንድ ላይ ሆነን አየነው።)

ሰው የሚማር ይመስለኛል፣ ሳይስቅ የሚጠብቀው ሲያገኝ፤
«ይመስለኛል» ያልሁት አውቄ ነው፤ ነጥብ አይቀነስብኝ።
ሁለተኛውን ገጽ ግን ባዶውን ነው የማስረክበው፤
በአንዱ ምትና በሚቀጥለው ምት መካከል
ምን እንደሚሆን
ገና ስለማላውቀው።